የደንበኛ መዝገቡ ወርሃዊ ቅጂ፦ የጋራ ሐሳብ፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊው፦ ይኸው ሦስተኛው ረቂቅ። አራተኛ አልጽፍም። እኛ የማኅበሩ ነጋዴዎች ደንበኞቻችንን የምንመዘግብበት ሶፍትዌር ዛሬን ብቻ ነው የሚያውቀው። የአንዱ ዱቤ ጣሪያ ሲወርድ፣ «ንቁ» የነበረው ደንበኛ «የቀረ» ሲባል፣ አዲሱ አሮጌው ላይ ይጻፍበታል፣ አለቀ። አምና መስከረም ስንት ንቁ ደንበኛ ነበረን ብትሉኝ መልሱ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ስክሪኑን ፎቶ አነሳለሁ፣ እሱም ከእህቴ ልጅ ሰርግ ፎቶዎች መሀል ተቀብሯል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ የዱቤ ጣሪያና የደንበኛ ሁኔታ ሲቀየር ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው ይመዝገብ። ሁለት፣ ወር ሲያልቅ የሁሉም ደንበኛ ዋና ዋና ቁጥሮች ከነቀናቸው ሌላ ሠንጠረዥ ላይ ይገልበጡ፣ ያንን ደግሞ ማንም አይነካካው። ከእያንዳንዳችን 3 ሺህ ብር። ቅጂው የሚጀምረው ከበራበት ቀን ነው፣ ወደኋላ አይሄድም። በቆየን ቁጥር አንድ ወር እየጠፋ ነው።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ እንደገና 3 ሺህ? ያኔ ለሶፍትዌሩ 6 ሺህ ስንከፍል ሁሉን ያደርጋል ተብሎ አልነበር?

ገንዘብ ያዥ፦ አንተ ከ6ቱ ገና 4ቱን ነው የከፈልከው።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ እዚህ ሰው ፊት መጻፍ ነበረብሽ?

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ ሁለት ነገር ብቻ ከምትመዘግቡ ሁሉንም ለውጥ አይዝም እንዴ?

ጸሐፊው፦ ትልልቆቹም ይመርጣሉ። ሴልስፎርስ የሚባለው ትልቁ የደንበኛ መዝገብ ሶፍትዌር እንኳ በተለመደው አሠራሩ በአንድ የመዝገብ ዓይነት እስከ 20 የመረጃ ሳጥን ነው ለውጥ የሚከታተለው። ስልክ ቁጥር ስንቴ እንደተቀየረ ማወቅ ምን ያደርግልናል?

የሆጤው፦ ወንድሜ ኮምፒውተር ተመርቋል። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ፣ በነጻ ይሠራልናል። አብሽሩ።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ቆይ፣ «ወር ሲያልቅ» የምትሉት የማን ወር ነው?

ጸሐፊው፦ የኛ ነዋ። በ30።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ጳጉሜስ?

ጸሐፊው፦ ከነሐሴ ጋር እንደምራታለን።

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ ከነሐሴ ጋር ከሆነ ነሐሴ በየዓመቱ ያበጠ ይመስላል። ለምን ያለ ሥራው ይመሰገናል?

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ ብቻዋን ትቁም። የ13 ወር ጸጋ አይደል እንዴ የምንለው?

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ብቻዋን ካቆምካት ግራፉ ጳጉሜ ላይ የሐረጎን ቁልቁለት እንደሚወርድ አይሱዙ ነው የሚሆነው። በ2015 ደግሞ 6 ቀን ነበረች፣ በ2019ም 6 ናት። የትኛውን ከየትኛው ልታስተያይ ነው?

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ በቀን አካፍለው!

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ማነው የሚያካፍለው? አንተ? ያልከፈልከውን 2 ሺህ መጀመሪያ አካፍል።

ጸሐፊው፦ ኧረ በአላህ! 5 ቀን እኮ ነው።

ሐጂ፦ እኔም ልል የነበረው ይህንኑ ነው። የኔ ቀለም የሚሸጠው በረመዳን ማብቂያ ነው፣ ሰው ለዒድ ቤቱን ይቀባል። ዒድ አልፈጥር በ2015 ሚያዝያ 13 ዋለ። በ2017 መጋቢት 21። መጋቢትን ከመጋቢት ብታስተያዩ «የሐጂ ንግድ ተመነደገ» ትላላችሁ። የተቀየረችው ግን ጨረቃዋ ናት። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድማ ትመጣለች። ልጆቼ፣ ለጳጉሜ ይህን ያህል ከተጣላችሁ ለረመዳን ምን ልታደርጉ ነው?

ጸሐፊው፦ ሐጂ እውነትዎን ነው። ከቅጂው ጎን የበዓል ምልክት እናስገባለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ብሩን ብቻ ከገለበጣችሁም ውሸት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የኔ ሽያጭ በብር ሲታይ ያደገ ይመስላል። ካርቶኑን ስቆጥር ቀንሷል። ብዛቱም ይያዝ።

ጸሐፊው፦ ይያዛል። ጥሩ ነጥብ ነው።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ጳጉሜ ግን አልተወሰነችም።

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ የድሮውን የዱቤ ደብተር በእጅ ብናስገባስ? እኔ ከ2012 ጀምሮ ያለው አለኝ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባበት 2014 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዜሮ እንሞላለን።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ ዜሮ? ዜሮ ማለት ሱቅ ከፍቼ ደንበኛ አልመጣም ማለት ነው። እኔ ሱቅ አልነበረኝም! በሩም፣ መደርደሪያውም፣ ደብተሩም አብረው ነው የሄዱት። ዜሮ ብለህ ትጽፍብኛለህ? ነገ አንድ ሰው ግራፉን አይቶ «ሰነፍ ነበር» ይበለኝ?

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ እንደዚያ ማለቴ አይደለም።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ አንተ ቀድመህ አዲስ አበባ ስለገባህ ነው ደብተርህ የተረፈው።

ሐጂ፦ በቃ። ሁላችንም እዚያው ነበርን፣ የሄደውም የቀረውም ከስሯል።

ጸሐፊው፦ ባዶ ይተዋል። ዜሮ አይጻፍም። ባዶና ዜሮ ለኮምፒውተሩም ይለያያሉ፣ አማካይ ሲያወጣ ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል። ምክንያቱ ጎኑ ይጻፋል።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ እንዲያ ከሆነ ይሁን። ተቆጥቼ ነው፣ አትያዝብኝ።

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ ምንም አይደል ወንድሜ። ማታ ቡና እንጠጣ።

ገንዘብ ያዥ፦ የሆጤው፣ ቅዳሜ አልፏል። ወንድምህስ?

ገንዘብ ያዥ፦ የሆጤው?

ጸሐፊው፦ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ እኔ ስለ ጳጉሜ አሰብኩበት። የኛ፣ የፈረንጁና የሂጅራው ቀን ጎን ለጎን የሚታይበት ነገር ቢኖር ጭቅጭቁ ራሱ አይነሳም ነበር።

ሐጂ፦ ይህ ደግ ሐሳብ ነው። ሱቄ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ የግድግዳ ካላንደር! የማኅበሩ ስም ከታች ይጻፍ፣ ለደንበኛ በነጻ ይሰጥ። ለዚህ ከሆነ 3 ሺህዬን ዛሬ እከፍላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄን መዝግቤያለሁ።

ጸሐፊው፦ ያ ብር እኮ ለቅጂው ነው።

ፒያሳ ኤሌክትሪክ፦ ሁለቱም ይደረጋል። ማተሚያ ቤቱ ግን መስከረም ሳይገባ ይዘጋብናል፣ ካላንደሩ ይቅደም።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ «የኮምቦልቻና የደሴ» ተብሎ ይጻፍ። ፋብሪካው ያለው እኛ ጋ ነው።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ ጭራሽ! ደሴ ይቀድማል። ፎቶውም የጦሳ ተራራ።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ የቦርከና ወንዝ ምን አደረገህ?

ገንዘብ ያዥ፦ 6 ወር ጦሳ፣ 6 ወር ቦርከና።

ኮምቦልቻ ሲሚንቶ፦ ጳጉሜስ?

ሐጂ፦ ያ ረቢ።

ጸሐፊው፦ ዛሬ 30 ነው። ፎቶ አንስቻለሁ።

ሸዋ በር ቆርቆሮ፦ የጦሳን?