ከቬስታ መጡ የሚባሉት የሰማይ ድንጋዮች፦ ማስረጃው ምንድን ነው?

ሄኖክ፦
ምድር ላይ ከሚወድቁት የሰማይ ድንጋዮች ስድስት በመቶ ያህሉ ቬስታ ከተባለችው ትልቅ አስትሮይድ ተሰብረው የመጡ ናቸው ሲባል በተደጋጋሚ አነባለሁ። ይሁንና «ዶውን» የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2012 ቬስታን ዞረቻት እንጂ አላረፈችባትም፤ አንዲት ጠጠር እንኳ ይዛ አልተመለሰችም። ታዲያ ይህን አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያስችለው ምንድን ነው?

ትዕግሥት፦
ግምቱ ዶውንን በብዙ ዓመታት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶማስ ማኮርድና ባልደረቦቹ ከቬስታ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በቴሌስኮፕ ሲመረምሩ ፓይሮክሲን የተባለው ማዕድን ምልክት አገኙበት፤ ይኸው ምልክት ዩክራይት በሚባሉት፣ ከቀለጠ ዐለት በተሠሩት የሰማይ ድንጋዮች ላይም ይታያል። ዶውን የጨመረችው ነገር ቢኖር ቀድሞ ከአንዲት የብርሃን ነጥብ ይነበብ የነበረውን በየሥፍራው ለይታ ማሳየቷ ነው። በደቡብ ዋልታ ያለው ሪያሲልቪያ የተባለው የግጭት ጉድጓድ ስፋቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቬስታ አማካይ ዲያሜትር ራሱ ከ525 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ዳዮጀናይት የሚባሉትን፣ በውጫዊው ቅርፊት ጥልቅ ክፍል ውስጥ ቀስ ብለው የቀዘቀዙትን የሰማይ ድንጋዮች የሚመስል ዐለት ተጋልጦ ተገኝቷል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የዶውን የጋማ ጨረርና የኒውትሮን መለኪያ ውጤት ነው፤ በቬስታ ገጽ ላይ ያለው ብረት ከኦክስጅንና ከሲሊከን አንጻር ያለው መጠን ከሰማይ ድንጋዮቹ ጋር ይጣጣማል፤ ይህም ከብርሃን ቀለም ፈጽሞ የተለየ መንገድ ነው።

ዳዊት፦
በዚህ እስማማለሁ፤ «ሁሉም ከቬስታ ናቸው» ከማለት ግን እንቆጠብ። እ.ኤ.አ. በ1957 ብራዚል ውስጥ የወደቀው ኢቢቲራ ዩክራይት ቢመስልም የኦክስጅን አይሶቶፖቹ (በክብደት የሚለያዩት የኦክስጅን አቶሞች) መጠን ከሌሎቹ ስለሚለይ፣ ከሌላ አካል የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የጉዞውን መንገድ በተመለከተ፣ ቬስታን የሚመስሉ ትናንሽ አስትሮይዶች ከእርስዋ አንሥቶ ጁፒተር አንድ ጊዜ ፀሐይን ስትዞር እነርሱ ሦስት ጊዜ እስከሚዞሩበት ምህዋር ድረስ ተበታትነው ይገኛሉ፤ እዚያ የደረሰውን ስብርባሪ የጁፒተር ስበት ምህዋሩን እያዛባ ወደ ምድር አካባቢ ይልከዋል።

ሄኖክ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሪያሲልቪያ ያን ያህል ጥልቅ ከሆነ፣ ከቅርፊቱ በታች ይኖራል የሚባለው ኦሊቪን የተባለው ማዕድን በውስጡ በብዛት መታየት አልነበረበትም?

ትዕግሥት፦
ተመራማሪዎችም የጠበቁት ይህንኑ ነበር። ዶውን ግን ኦሊቪኑን በግልጽ ያገኘችው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ ቤሊሲያና አሩንቲያ በተባሉት ጉድጓዶች አካባቢ ነው። ቅርፊቱ ከተገመተው በላይ ወፍራም ስለሆነ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሰሜኑን ኦሊቪን ከውጭ በግጭት የመጣ ነው ይሉታል። እስካሁን ያልተቋጨው ክርክር ይህ ነው።