ይህን ነጭ አበባ ያለው አረም የሚለይልኝ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው፣ ከጥቁር ውሃ ሰፈር። ከግቢያችን ጀርባ ባለው ቦይ ዳር የበቀለ አንድ አረም አስጨንቆኛል። ጎረቤት ስጠይቅ ሁሉም የተለያየ ስም ይነግረኛል።

ቁመቱ የሰው ትከሻ ይደርሳል። ቅጠሉ የካሮት ይመስላል። አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው፤ ልክ እንዳበበ ድንብላል ከላይ ተዘርግቷል። ግንዱ ውስጡ ክፍት ሲሆን ላዩ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው። ቅጠሉ ሲታሽ የአይጥ ሽታ ይሸታል። አስተናግር እንዳትሉኝ! የእሱ አበባ መለከት ይመስላል፣ ፍሬውም እሾሃም ነው።

ነጠብጣቡንና ሽታውን ሳይ ሄምሎክን ጠረጠርኩ፤ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 እንዲጠጣ የተፈረደበትን መርዝ። ግን ሄምሎክ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛ ዓመቱ አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይደርቃል። ይሄኛው ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ያቆጠቁጣል። ከድሮው ሥር ነው ወይስ ከወደቀው ዘር? ይህን በምን ልለይ?

የሰፈር ልጆች ክፍቱን ግንድ ቆርጠው ዋሽንት ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ሄምሎክ ከሆነ አፍ ላይ ማድረግ ራሱ አደጋ ነው። የጎረቤት ላምም እዚያው ነው የምትግጠው።

የምታውቁት ካላችሁ በአማርኛም በሲዳምኛም ስሙን ንገሩኝ። ናሙና ይዤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ልሄድ አስቤያለሁ። አበባና ቅጠል ይበቃል ወይስ ፍሬውንና ሥሩንም ልጨምር? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።