«ጊዜ ቀጠሮ» ፍርድ ነው እንዴ? «ተያዘ»ና «ታሰረ»ስ አንድ ናቸው?

ፊደል ወዳድ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። ጎረቤታችን ያሉ እማማ ልጃቸው ተይዞ ጣቢያ ምሳ ሲያመላልሱ ከርመው፣ ትናንት ባዶ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው «ልጄን 14 ቀን ፈረዱበት» እያሉ እያለቀሱ መጡ፣ እኛም አብረን አለቀስን። ማታ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ሲያስረዳን ለካ የተፈረደ ነገር የለም፣ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ጠይቆ ነው። እና ቀጠሮ እኛ ስናውቀው ሰው ከሰው ለመገናኘት የሚይዘው አይደለም ወይ? ደግሞ ተያዘና ታሰረ ልዩነት አላቸው?

የችሎት ልጅ፦
ወዳጄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ፍርድ ቤት ግቢ ነው የምውለውና እንደ እማማ ግራ የተጋባ ሰው በየቀኑ አያለሁ። ሕገ መንግሥቱን ገልጠህ ብታይ ልዩነቱን እዛው ታገኘዋለህ፣ አንቀጽ 19 ስለ «ተያዙ»፣ 20 ስለ «ተከሰሱ»፣ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለ «ታሰሩ» ሰዎች ነው የሚያወራው። ሰው ሲያዝ ገና ተጠርጣሪ ነው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ግን አይቆጠርም። ፖሊስ ምርመራ ካልጨረሰ ዳኛውን ቀን ይጠይቃል፣ በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ባንዴ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይሄ ነው፣ የሚቀጠረው ፖሊስ ነው፣ በዚህ ቀን ጨርሰህ ና ተብሎ። ችግሩ ሕጉ «ባንዴ» አለ እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልቆረጠም፣ እኔን ሁሌም የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ 14 ላይ 14 ሲደረብ ለእናት ከፍርድ በምን ይለያል?

አባ ሰዋስው፦
ከቃሉ በኩል ልጨምር። ማሰር መቋጠር ነው፣ ነዶ ይታሰራል፣ በሬ ይታሰራል፣ መያዝ ግን በእጅ ነው፣ የያዘ እጅ ይለቃል። ስለዚህ ተያዘ ሲባል ነገሩ ገና ያላለቀ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል፣ እኛ ነን ሁሉንም «ታሰረ» ብለን የጨፈለቅነው። ድሮ ደግሞ ቁራኛ ነበር፣ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይ በሰንሰለት ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት፣ ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ከሳሹም አብሮ ስለታሰረ ቶሎ እንዲፈረድ ይቸኩል ነበር፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

ፊደል ወዳድ፦
ኧረ እናመሰግናለን! 48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰውስ ምን ይባላል፣ ምንስ ይደረግለታል?

የችሎት ልጅ፦
ቤተሰቡ ወይ ጠበቃው «አካል ነፃ ማውጣት» ብሎ አቤቱታ ያስገባል፣ እዚህ ላይ አካል ማለት ሰውየው ራሱ ነው፣ ወረቀቱ ወይ መዝገቡ ሳይሆን ሰውየው በአካሉ ዳኛ ፊት ይቅረብ ማለት ነው። ለማንኛውም ለእማማ «አልተፈረደበትም፣ ተቀጠረበት እንጂ» በላቸው፣ የሚቀርብበትን ቀን ጠይቀህ ጻፍላቸው፣ ዋስትናም መጠየቅ ይችላል፣ በዚያ ቀን ችሎቱ ጋ በጠዋት ይድረሱ።