ከጦሳ ተነስቼ የት፣ መቼ ልረፍ?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደሴ ነው። በፓራግላይደር (ከተዳፋት እየሮጡ በሚነሱበት የጨርቅ ክንፍ) መብረር የተማርኩት ውጭ አገር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ነበር። እዚህ ጦሳ ተራራ ላይ ግን ግራ ገብቶኛል።

እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ እስኪያነሳኝ ፈጠን ብዬ መሮጥ አለብኝ። ይሁን፣ ሩጫው አይከብድም። ያስጨነቀኝ ማረፉ ነው።

ማለዳ ነፋሱ ቁልቁል ስለሚወርድ ከኋላ ይመታኛል፤ መነሳት አይታሰብም። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል፤ ያኔ መነሳቱ ቀላል ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ከማርፍበት ማሳ የሚነሳው ሙቅ አየር ልክ መሬት ልነካ ስል መልሶ ያነሳኛል። ማሳው ጠባብ፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍ። ከዛፉ ጀርባ ደግሞ አየሩ ይናወጣል። የመብራት ሽቦ ከላይ ስለማይታይ ምሰሶ ፍለጋ ዓይኔ ይንከራተታል።

አስተማሪዬ «ፊትህን ወደ ነፋሱ አድርግ፣ ማሳው ጫፍ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራህ ከፍታህን ቀንስ፣ መሬት አጠገብ ሙሉ ዙር እንዳትዞር» ይለኝ ነበር። እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ ይሠራል? ወይስ ነፋሱ እስኪበርድ አመሻሹን ልጠብቅ? ወደ ኮምቦልቻ እንዳልወርድ ኤርፖርት አለ፤ ያለ ፈቃድ አልሞክረውም። እዚህ ወይም ሌላ ደጋ ላይ የበረረ ካለ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ቢነግረኝ።