በ«ሜክ ኢንስቶል» የጫንኩትን ፕሮግራም እንዴት ላጥፋው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ለዊንዶውስም ለኡቡንቱም ኮዱን ወደ ፕሮግራም የምገነባው ሲሜክ በሚባለው መሣሪያ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ላለ ደንበኛዬ ኡቡንቱ ላይ «ሜክ ኢንስቶል» በሚለው የመጫኛ ትእዛዝ ጫንኩለት። አዲሱን ከመጫኔ በፊት አሮጌውን ላጥፋ ብዬ «ሜክ አንኢንስቶል» ስል፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ዋናውን ፋይል በእጄ አጠፋሁት። አይከኑ ግን ሜኑው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሲነኩት አይከፍትም። ሰውዬው «ኮምፒውተሬን አበላሸህብኝ» እያለኝ ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ከዚራ፦
አይዞህ አቦ፣ አልተበላሸም። ማጥፊያውን ራስህ ካልጻፍክለት ሲሜክ በራሱ አያዘጋጅም። ሲጭን ግን ያስቀመጠውን ፋይል ሁሉ ይመዘግባል። ፕሮግራሙን የገነባህበት ፎልደር ውስጥ «ኢንስቶል ማኒፌስት» የሚል የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ክፈተው። በየመስመሩ አንድ አንድ ፋይል ከነአድራሻው ታገኛለህ፣ የአይከኑም እዚያው አለ። አንድ በአንድ እያየህ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) አጥፋ። ፎልደሮች አይመዘገቡም። ባዶ የቀረውን የራስህን ፎልደር ብቻ አንሳ፣ ሌላው ፕሮግራም የሚጋራውን እንዳትነካ።

ጠያቂ፦
የገነባሁበትን ፎልደር ቦታ ለማስለቀቅ አጥፍቼዋለሁ እኮ!

ከዚራ፦
የድሮው ኮድ ካለህ ያንኑ ቨርዥን እንደገና ገንባና እዚያው ቦታ ላይ ጫነው። መዝገቡ እንደገና ይጻፋል። ከዚያ በእሱ ታጠፋለህ።

ጀጎል (ሐረር)፦
ከዚራ ያለው ልክ ነው። ለወደፊቱ ግን ደንበኛ ማሽን ላይ በ«ሜክ ኢንስቶል» አትጫን። ከሲሜክ ጋር አብሮ የሚመጣ ሲፓክ የሚባል የመጫኛ ማዘጋጃ አለልህ። ለኡቡንቱ የዴብ ፓኬጅ (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) ያወጣልሃል፣ ማጥፋቱ የአፕት፣ ማለትም ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያጠፋው መሣሪያ ሥራ ይሆናል። ለዊንዶውስ ደግሞ ኤንኤስአይኤስ የሚባለውን የሴትአፕ መሥሪያ ከጫንክ፣ ማጥፊያ ያለው ሴትአፕ ይሠራልሃል፤ ባለሱቁ ራሱ ከኮንትሮል ፓናል ያነሳዋል። ዚፕ አድርገህ ከሰጠኸው ግን ማጥፊያ የለውም።

አደራ የምልህ ሌላ ነገር አለ። የባለሱቁን ዳታ ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጥ። እኔ አንድ ጊዜ ማጥፊያዬ ፎልደሩን እንዳለ እንዲጠርግ አድርጌ የስድስት ወር የዱቤ መዝገብ ይዞብኝ ሄደ። ሁለት ቀን ሙሉ ከባለሱቁ ደብተር እያነበብኩ መልሼ አስገባሁ። ዳታውን ሆም (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) ውስጥ አድርገው። ፕሮግራሙን ከነሴቲንጉ የሚያጠፋው «አፕት ፐርጅ» እንኳ ሆም ውስጥ ያለውን አይነካም።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! እንደገና ጭኜ መዝገቡን አገኘሁት፣ 14 ፋይል ነው። አይከኑም ጠፋ። ዳታቤዙ ለካ ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ነበር። ጀጎል ያልከውን አንብቤ፣ ፎልደሩን ከማንሳቴ በፊት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።