ባንኮች ሲዋሐዱ ለሠራተኛው መቼ ይነገረው?

ጥያቄው፦ ሁለት ባንኮች ሊዋሐዱ ሲስማሙ የትኞቹ የሥራ መደቦች እንደሚታጠፉ ለሠራተኛው ወዲያው ይነገር ወይስ ድልድሉ እስኪያልቅ ይጠበቅ?

የሰው ኃይል ኃላፊ፦ ይጠበቅ ባይ ነኝ። የአክሲዮን ዋጋ የሚነካ ወሬ ከስምምነቱ በፊት ማውጣት በብዙ አገሮች በሕግ ያስጠይቃል። ከፊርማው በኋላም ቢሆን ሁለት የደመወዝ እርከን፣ ሁለት የጡረታ ደንብና ሁለት ዓይነት የሠራተኛ ብድር ሳይገናዘቡ ማን እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ በግምት ተናግሮ ነገ መሻር ከዝምታ ይከፋል።

የቀድሞ ገንዘብ ከፋይ፦ ያንን ዝምታ ኖሬበታለሁ። የምሠራበት ባንክ ሲገዛ ሁለት እንግዶች ሜትር ይዘው ቅርንጫፋችን ገቡ። የክፍያ መስኮቶቹን ለኩ፣ ጠረጴዛ ቆጠሩ፣ ማንንም ሳያነጋግሩ ወጡ። ሥራ አስኪያጃችንን ጠየቅናት፤ ለእሷም የነገራት የለም። በዚያው ወር ጎበዙ የብድር ባለሙያችን ሌላ ባንክ ገባ፤ ደንበኞቹም ተከትለውት ሄዱ። በኋላ እንደሰማነው አዲሱ ባለቤት ሊያስቀረው የፈለገው እሱን ነበር።

የሕግ ባለሙያ፦ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መመሪያ፣ ድርጅት ወደ ሌላ አሠሪ ሲተላለፍ የሥራ ውሉም አብሮ እንዲተላለፍ ያዛል። ዝውውሩ ብቻውን ለስንብት ምክንያት አይሆንም፤ የሠራተኛ ተወካዮችም አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። በኢኮኖሚ፣ በቴክኒክ ወይም በአደረጃጀት ምክንያት መቀነስ ግን አይከለከልም። አክሲዮኑ ብቻ ከተሸጠ ደግሞ አሠሪው ያው ስለሆነ መመሪያው ከነጭራሹ አይሠራም። ብዙ ሠራተኛ ይህን የሚያውቀው ከረፈደ ነው።

የሰው ኃይል ኃላፊ፦ ለቁልፍ ሰዎች እኮ እንዳይለቁ የማቆያ ክፍያ እንመድባለን።

የቀድሞ ገንዘብ ከፋይ፦ የሚደርሰው ለዋናው መሥሪያ ቤት ነው። ደንበኛ መጥቶ «ገንዘቤ ደኅና ነው?» ሲል የሚመልስለት መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ ራሱ በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ ምን ብሎ ያረጋጋው?

ጠያቂው፦ የስዊዘርላንዱ ባንክ ዩቢኤስ ሌላውን የአገሩን ባንክ ክሬዲት ስዊስን እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጠቀልል፣ ግዢው በጁን ተጠናቅቆ በኦገስት መጨረሻ በስዊዘርላንድ ወደ 3,000 ሠራተኞች እንደሚቀነሱ በይፋ ተናግሯል። መራራ ቁጥር ነው፤ ሆኖም የስም ዝርዝሩ ሳያልቅ ቁጥሩን መናገር እንደሚቻል ያሳያል።

የቀድሞ ገንዘብ ከፋይ፦ እኔም ስም ዝርዝር አልጠየቅሁም። የሚነገረን በየትኛው ቀን እንደሆነ ነበር የጠየቅሁት።

የሰው ኃይል ኃላፊ፦ ቀን መስጠት ይቻላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ተቆጣጣሪው አካል ፈቃዱን ቢያዘገይስ?

የቀድሞ ገንዘብ ከፋይ፦ በቀጠሮው ቀን መጥታችሁ «ገና አልጸደቀም» በሉን።