አይሱዙ ኤንፒአር ልንገዛ ነው፣ ለመንዝ መንገድ አሮጌዋ ትበቃለች ወይ?

ባለጉዳይ ከሞላሌ

ሰላም ናችሁ የመኪና ሰዎች። እስካሁን የሰው መኪና ነበር ምነዳው፣ አሁን ግን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጋግዘን አንድ አይሱዙ ኤንፒአር ልንገዛ እየዞርን ነው። ስራው እንደምታውቁት ነው፣ ከመሃል ሜዳና ከሞላሌ ገብስና ባቄላ ጭኖ በመዘዞ በጣርማ በር አርጎ ደብረብርሃን ማድረስ፣ በበዓል ሰሞን በግ፣ ከተገኘም ሸዋሮቢት ወርዶ ሽንኩርትና ማሾ ይዞ መውጣት። ሁለት መኪና አይተናል። አንዷ የፈረንጅ 1999 ሞዴል ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤች ኤፍ ዋን ነው ቱርቦ የላትም፣ ባለቤቱ "ሞተር አልወረደም" እያለ ይምላል። ሌላዋ ትንሽ አዲስ ናት ፎር ኤች ጂ ዋን ባለ ቱርቦ፣ እሷ ግን ወንድሜ በሬውን ሁሉ ቢሸጥ እንኳን የሚደረስባት አይደለችም ሃሃ። ዋጋቸውን አልፅፍም፣ ደላላው እዚህ ቤት አይጠፋም።

እና አሮጌዋ ትበቃኛለች ወይስ ተበድሬም ቢሆን ቱርቦዋን ልያዝ? ሌላ ደግሞ አንድ ሰውዬ "አይሱዙ ድሮ ቀረ አሁን ያለው የቻይና ነው" ብሎ ግራ አጋባኝ፣ ድርጅቱ ራሱ የማን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ በማርያም።

መካኒኩ 4

ወንድሜ መጀመሪያ ያለህበትን ከፍታ አስብ። ደብረብርሃን እኮ 2840 ሜትር ነው፣ ጣርማ በርና መሃል ሜዳ ደግሞ ከ3000 በላይ። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ አካባቢ ይቀንሳል ምክንያቱም አየሩ ሳሳ ማለት ፒስተኑ ውስጥ የሚገባው አየር አነሰ ማለት ነው፣ ፖምፓው ግን ናፍጣውን እንደ ልማዱ ይረጫል፣ የተረፈው ሳይቃጠል በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሞላሌ ላይ አሮጌዋ ጥቁር ስታጨስ ብታይ ወዲያው ሞተሯ ሞቷል እንዳትል፣ ሸዋሮቢት 1280 ሜትር ላይ ወርደህ ያው መኪና ንፁህ ሆና ታገኛታለህ። ቱርቦዋ አየሩን ገፍታ ስለምታስገባ እዚህ አገር ላይ ልዩነቷ ቀልድ አይደለም።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ፎር ኤች ኤፍ ዋን የምትጠላ ሞተር አይደለችም። 4334 ሲሲ ናት፣ አራት ፒስተን፣ ፖምፓዋ መካኒካል ነው ኮምፒውተር ምናምን የላትም፣ የሞላሌ መካኒክ በመፍቻ የሚጨርሳት ናት። ቱርቦዋ 4570 ሲሲ ናት፣ ቤተሰቧ አንድ ነው። እኔ ብሆን ከሞተሩ አይነት ይልቅ የያዘው ሰው ማን እንደነበር ነው ማየው።

ስትሄድ ጠዋት በማለዳ ሂድ ሳትናገር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ በካንዴሌታ (ለማስነሳት ሞተሩን በምታሞቀው) ስንት ጊዜ እንደምትፈጅ እይ። ተነስታ ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያዋን ክዳን ክፈተው፣ ጭስ እየገፋ ከወጣና ክዳኑን ስታስቀምጠው እየዘለለ ከወደቀ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። ነጭ ጭስ በብርዱ ትንሽ ቢታይ ችግር የለውም፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው።

ባለ ቅጥቅጥ

መካኒኩ ጨርሶታል። እኔ ልጨምር የፈለኩት ስለ አዲሶቹ ነው፣ ሰው ሲመክርህ "ፎር ኤች ኬ ዋን ኮመን ሬል ግዛ" ይልሃል፣ ናፍጣውን በኮምፒውተር ነው ምትረጨው፣ 5.2 ሊትር ናት ጉልበቷ አይወራም፣ እኔም ቅጥቅጥ አርጌ ሰው ስጭንባት ነበር። ናፍጣ ግን ታውቃለህ እኛ ጋር። ሰልፍ ስንቆም አድረን በበርሜል የመጣ ናፍጣ ከመንገድ ዳር ገዛሁ፣ ውሃ ነበረበት ወይ ላምባ ነበረበት እኔ ምን አውቄ፣ በሶስተኛው ቀን ጫጫ ላይ ጉልበት ነሳችኝ፣ ኢንጄክተር አራቱም። የአራት ኢንጄክተር ዋጋ ስሰማ ሚስቴ ታማ ሆስፒታል የገባሁ ነበር ሚመስለው። አሮጌዎቹ ያንን ናፍጣ ጠጥተው ትንሽ ያስላቸዋል እንጂ አይተኙም። ለመንዝ ከሆነ ኮመን ሬል አልመክርህም፣ ፊልትሮ በየሳምንቱ ምትቀይር ከሆነ ሌላ ጉዳይ።

የእነዋሪው

ስለ ታሪኩ እኔ ልመልስ፣ እንዲህ አይነት ነገር እወዳለሁ።

ድርጅቱ የጃፓን ነው። መነሻው መኪና እንኳን አይደለም፣ ቶኪዮ ውስጥ ኢሺካዋጂማ የሚባል መርከብ ሰሪ ፋብሪካ ነበር፣ በ1916 (በፈረንጅ ነው ምፅፈው ሁሉንም) መኪና እንስራ ብሎ አሰበ፣ ከዛ ዎልስሊ ከሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ጋር ተዋውሎ በ1922 የመጀመሪያዋን መኪና አወጣ። አይሱዙ የሚለው ስም ራሱ የወንዝ ስም ነው! ኢሴ የሚባለው የጃፓኖች ትልቁ ቤተመቅደስ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ፣ ፊደሉ "ሃምሳ ቃጭል" ተብሎ ነው ሚነበበው። በ1934 ለጭነት መኪኖቻቸው ስም አወጡት፣ ድርጅቱ ራሱ ግን አይሱዙ የተባለው በ1949 ነው። እስቲ አስቡት በእኛ ሞፈር ውሃ ወንዝ ስም የተጠራ መኪና ጃፓን ሄዶ ገብስ ሲጭን።

አሁን ደግሞ የምትከራከሩበትን ልንገራችሁ፣ ሂኖና አይሱዙ አንድ ቤት ነበሩ። በ1942 በጦርነቱ መሃል የሂኖ ፋብሪካ ተገንጥሎ ወጣ፣ ሁለቱም ያኔ ናፍጣ ሞተር ላይ የተካኑ ነበሩ፣ አይሱዙ ናፍጣ ሞተር የጀመረው ከ1936 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ባለ ሂኖና ባለ አይሱዙ መናኸሪያ ላይ ስትሰዳደቡ የወንድማማች ጠብ ነው ሃሃ።

የቤት መኪናም ይሰሩ ነበር። ከ1953 ጀምሮ የእንግሊዝ ሂልማን ገጣጠሙ፣ በኋላ ቤሌት የምትባል የራሳቸው አወጡ፣ በ1968 ደግሞ 117 ኩፔ የምትባል በጣሊያኑ ጁጃሮ የተነደፈች በጣም ቆንጆ። በ1971 ጀነራል ሞተርስ 34.2 በመቶ ድርሻ ገዛ፣ እስከ 2006 ቆይቶ ለቆ ወጣ። የቤት መኪናውን በ1993 ተዉት፣ አያዋጣም ብለው፣ ናፍጣና ጭነት ላይ ቀሩ። እኛ ኤንፒአር የምንላት ጃፓን ውስጥ ኤልፍ ናት፣ ኤልፍ የወጣችው በ1959 ነው፣ ኤፍኤስአር የምንላት ደግሞ ፎርዋርድ ትባላለች። በ2021 ደግሞ ዩዲ ትራክስን ከቮልቮ ገዙት።

የቻይናው ወሬ ከየት መጣ ካልክ፣ ቻይና ውስጥ ከ80ዎቹ ጀምሮ ከአይሱዙ ጋር በሽርክና የሚሰሩ ፋብሪካዎች አሉ፣ ፎር ጄቢ ዋን የምትባለዋን 2.8 ሊትር ሞተር ደግሞ ብዙ የቻይና ፋብሪካ እየሰራ የራሱ መኪና ላይ ይገጥማታል። ሰውዬው ያየው ምናልባት ጋቢናው አይሱዙ የሚመስል ሌላ መኪና ነው። ያንተ የ1999ዋ የዛ ታሪክ ውስጥ የለችም።

ጡረተኛው ሹፌር

ልጆቼ ስለ ሞተር ስለ ወንዝ ታወራላችሁ፣ ጥሩ ነው። ማንም ስለ ፍሬን አላነሳም።

እኔ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ነድቻለሁ፣ ፊያትም ነድቻለሁ አይሱዙም ነድቻለሁ። በአይሱዙ ጣርማ በርን ስንት ጊዜ እንደወረድኩ ቁጥሩን ፈጣሪ ነው ሚያውቀው። አንድ ቀን ግን በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ከደብረብርሃን እህል ጭነን ወደ ታች ስንወርድ፣ ጭነቱ ሊብሬው ላይ ካለው በላይ ነበር አልዋሽም፣ ባለ እህሉ ቶሎ በል ቶሎ በል ይላል፣ የጣሊያኑን ዋሻ አልፈን ናፍጣ ለመቆጠብ ብዬ ማርሽ አውጥቼ በፎሌ ለቀቅኳት። ሞኝነት። ጥምዝምዙ ላይ ፍሬን ፍሬን ስል ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቁታላችሁ፣ ረዳቱ በመስኮት አይቶ "ጋሼ የኋላ ጎማ እየጨሰ ነው" አለኝ። ከዛ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለሉ ጋ ደረሰ። እጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ትንሽ ያዝ አረገችና ሽታ አወጣች። እንደ ምንም ብዬ ሶስተኛ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ካምቢዮው እየጮኸ፣ ወደ ተራራው በኩል አስጠግቼ በቦዩ እያሻሸሁ አቆምኳት። ፓራውልቱና የግራ በሩ ሄደ። ነፍሳችን ተረፈ። ረዳቱ ሮጦ ታኮ ሲያደርግ እጁ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል፣ ከዛ ቀን በኋላ ወደ ግብርና ተመለሰ።

ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። የኤንፒአር እጅ ፍሬን ጎማ ላይ አይደለም ያለው፣ ከካምቢዮው ኋላ ያለው ዘንግ ላይ ነው ሚይዘው። ለማቆሚያ ነው እንጂ የምትንደረደር ጭነት ለማቆም አይደለም፣ ዘንጉ ከተበጠሰ ደግሞ ጭራሽ የለህም ማለት ነው። የእግር ፍሬኗም በዘይት ነው የምትሰራው፣ ታምቡሩ ሲግል ዘይቱ ይፈላና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አይገፋም።

ፍሬን ሞተሯን እይ ልጄ። መሪው ስር ባለችው የምትበራዋ። ማርሚታው ላይ ያለ፣ ጭሱን አፍኖ መኪናዋን የሚያዘገይ መዝጊያ ነው፣ ጥላሸት ይዞት ደርቆ ከቀረ ስታበራው ድምፅ አይቀየርም። ብዙ ሰው ደርቃ እንደቀረች እንኳን አያውቅም። ቱርቦ አላት የላትም ከማለትህ በፊት እሷን አስሰራ። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ በቃ።

ፈጣኑ

ጋሽዬ ያ ሁሉ የጭነት ጥፋት ነው እንጂ። ለአይሱዙ አልቃይዳ ብሎ ስም ያወጣላት ሰው ሹፌሩን ረስቶ ነው። መኪናዋ ምን አደረገች?

ጡረተኛው ሹፌር

እኔስ ምን አልኩ? በፎሌ የለቀቅኳት እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።

መካኒኩ 4

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ረዳቶች የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ሲያፈሱ አያለሁ፣ ይሰነጠቃል አታስደርጉ፣ ቆማችሁ ይቀዝቅዝ። የፍሬን ዘይትም በየዓመቱ ይቀየር፣ እርጥበት ስለሚስብ በቶሎ ይፈላል። ርካሽ ሸራ ደግሞ አትግዙ፣ ባለፈው አንዱ ሱቅ "ኦሪጅናል" ብሎ የሸጠልኝ በሁለት ሳምንት ዱቄት ሆነ፣ ስም አልጠራም።

ባለጉዳይ ከሞላሌ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ እርስዎን በተለይ፣ ሲያወሩት የኔ መዳፍ ነው ያላበው።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ ደብረብርሃን፣ አንድ ነገር ላውራችሁ። አልነገርኳቸውም፣ 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ውርጩ እንደምታውቁት ነው፣ ግቢው ውስጥ የቆሙት መኪኖች በሙሉ መስታወታቸው ነጭ ሆኗል፣ ሳሩ ይንኮሻኮሻል። የአሮጌዋ መስታወት ግን ውሃ እያንጠባጠበ ነው። ራዲያተሩን ስነካው ሞቅ ብሏል። ልጁን "ተነስታ ነበር እንዴ?" ብለው "አይ አይ ፀሃይ መቷት ነው" አለኝ። በ12 ሰዓት የምን ፀሃይ! ደላላው ደውሎለት ይመስለኛል፣ እኔ ደግሞ ለደላላው ነበር ማታ "ነገ መጣለሁ" ያልኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ምንም ሳልል ተመልሼ ሻይ ጠጥቼ ለገበያ የመጣ የሰፈሬን መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ክዳኑን ከፈተ፣ ይተነፍሳል፣ ብዙ አይደለም ግን ይተነፍሳል። ፍሬን ሞተሯን አስበራሁ፣ ድምፅ አልቀየረችም፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት ደርቃለች፣ ባለቤቱ ራሱ "እሷን ተጠቅሜባት አላውቅም" አለ። አምስት አመት እየነዳ! የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተነባበረ ብረት) ላይ ሁለት ቅጠል ተጨምሮበታል፣ ያ ደግሞ ምን ያህል ሲጭንባት እንደኖረ ራሱ ይናገራል። ሻሲው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ብየዳ የለበትም፣ መካኒኩም ሻሲው ነው ያስደሰተኝ አለ።

ወንድሜ ግዛት እያለ ነው፣ እኔ የሞተር መጠገኛውን ከዋጋው ላይ ይቀንስልን ብያለሁ፣ ባለቤቱ ግማሹን ተስማምቷል፣ ለሰኞ ቀጠሮ ይዘናል። ቱርቦዋን ረስቻታለሁ፣ ለብድር አልደፍርም። ከተስማማን መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዛ የሞተሩ ፋሻና ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበት)። መንዝ በኩል ሞተር አውርዶ በደንብ የሚገጥም ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ የተጨመሩትን ሁለት ቅጠሎች ደግሞ ላውጣቸው ወይስ ይቆዩ?

መካኒኩ 4

አውጣቸው። ካሉ ትጭናለህ።